«ተመልስ»ን ማን ጻፈው?

ማርያማዊት የተሳሳተውን ቃል ያየችው የውኃ ጠርሙሷን ልትሞላ ስትሄድ ነው። መንገዱ ከቡሬ በመጣው ቡድን ጠረጴዛ ጀርባ ያልፋል። የሌላውን ቡድን ሥራ ማየት ክልክል መሆኑ ጠዋት በድምፅ ማጉያ ተነግሯል፤ እሷም አንገቷን ደፍታ ነበር የምታልፈው። ዓይን ግን መቼ ይታዘዛል! ሄዶ ዘመኑ የሚባለው የቡሬ ልጅ ኮምፒውተር ላይ አረፈ። በስክሪኑ ግርጌ አንዲት አረንጓዴ ቁልፍ አለች። ቁልፏ ላይ «ተመልስ» ተብሎ ተጽፏል። «ተመለስ» ለማለት ነው።

እንዲሁ ተሳስታ የተጻፈች ቃል፣ እንደዚያው ባለች አረንጓዴ ቁልፍ ላይ፣ በእነማርያማዊትም ኮምፒውተር ውስጥ አለች። ጠዋት ስታያት ከቡድኗ አንዱ የጻፋት መስሏት «ኋላ አስተካክላታለሁ» ብላ ነበር ያለፈቻት።

ጠርሙሱ ሞልቶ ውኃው ጫማዋ ላይ ሲፈስ ነው የባነነችው። የመጀመሪያ ሐሳቧ አንድ ነበር፤ ከመካከላችን አንዱ ሥራችንን አሳልፎ ሰጥቷል።

ነገሩ የሆነው በ2009 ዓ.ም. ግንቦት ላይ፣ ፍኖተ ሰላም ከተማ ነው። ከየአካባቢው ኮሌጅ የተውጣጡ የኮምፒውተር ተማሪዎች ቅዳሜና እሑድን በእነማርያማዊት ኮሌጅ አዳራሽ ተቀምጠው፣ ለገበሬው የሚጠቅም አንድ ፕሮግራም ከባዶ ጽፈው እንዲያሳዩ ተጠርተዋል። ተማሪው «ሃካቶን» ይለዋል። በሩ ላይ የተሰቀለው ጨርቅ ግን «የቴክኖሎጂ ፈጠራ ውድድር» ነው የሚለው። አገሩ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ስለነበር ሰው ለመሰብሰብ ፈቃድ ይጠየቃል፤ ፈቃድ ሰጪው ደግሞ «ሃክ ማለት የሰው ኮምፒውተር ሰብሮ መግባት አይደለም እንዴ?» ብሎ ጉዳዩን ብዙ ጊዜ አንጠልጥሎት ነበር አሉ። ስሙ ተቀይሮ ተፈቀደ። ኢንተርኔት አይኑር ተባለ። ከአዳራሹ በር አጠገብም ማንም የማያውቃቸው ሁለት ሰዎች ወንበር ይዘው ተቀመጡ። ከየትኛው መሥሪያ ቤት እንደመጡ የጠየቀ የለም።

ዋናዋ ዳኛ ከባሕር ዳር የመጡ መምህርት አደይ የሚባሉ ሴት ናቸው። ጠዋት ሕጉን ሲናገሩ እንዲህ አሉ፤ «ሐሳባችሁን ከቤታችሁ ይዛችሁ ብትመጡ ግድ የለንም። የተጻፈ ሥራ ይዞ መምጣት ግን አይቻልም። የምታሳዩን እዚሁ የጻፋችሁትን ብቻ ነው። ከውጭ ሰው እጅ ምንም ነገር አትቀበሉ። ይህን የጣሰ ቡድን ከደረጃ ውጭ ይሆናል፤ ማንም ቢሆን።»

የማርያማዊት ቡድን ሦስት ሰው ነው። እሷ መሪ ናት፤ የሊበን ልጅ፣ ነገር የማይሰለቻት፣ አንዴ የያዘችውን የማትለቅ። ሁለተኛዋ ፋጢማ የዚያው የፍኖተ ሰላም ልጅ ናት፤ ቤተሰቦቿ በርበሬ ነጋዴዎች ናቸው። ሐሳቡም ከእሷ ነው የመጣው፤ ገበሬው በርበሬውን ጭኖ ከመነሳቱ በፊት በስልኩ አጭር መልእክት ልኮ የየገበያውን ዋጋ የሚያውቅበት ፕሮግራም። ሦስተኛው አለበል ነው። አለበል ከሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ አካባቢ የመጣ የመሪጌታ ልጅ ነው። ከዘመናዊ ትምህርት በፊት ቅኔ ቤት ከርሟል፤ ስለዚህ ነገር ሲናገር ቀጥ አድርጎ አይናገርም። በኮምፒውተሩ ግን ከሦስቱም እሱን የሚያህል የለም።

እንዲህም ሆኖ አለበልን ሰው ይሸሸዋል። በጥር ወር ከክፍላቸው ሦስት ልጆች ተወስደው ነበር። ሁለቱ በግንቦትም አልተመለሱም፤ የት እንዳሉ እንኳ ለወላጆቻቸው አልተነገረም። ሦስተኛው አለበል ነው። እሱ በተወሰደበት ዕለት ማምሻውን ተለቀቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክፍሉ ውስጥ እሱ ሲገባ ወሬ ይቋረጣል። ተማሪው በአንድ ለአምስት ተደራጅቶ እርስ በርሱ የሚገማገምበት ጊዜ ነበርና፣ አጠገብህ የተቀመጠው ማን እንደሆነ አታውቅም። «ለምን እሱ ብቻ?» የሚል ጥያቄ በየሰው ልብ አለ፤ ጮክ ብሎ የጠየቀው ግን የለም። ማርያማዊት ቡድኗ ውስጥ ያስገባችው ችሎታውን ፈልጋ እንጂ አምናው አልነበረም።

እና ወደ ጠረጴዛዋ ስትመለስ ዓይኗ ቀድሞ እሱን ፈለገ። ወንበሩ ባዶ ነው።

«አለበል የት ሄደ?» አለች ፋጢማን።

«ነፋስ ልቀበል ብሎ ወጣ። ምነው ፊትሽ?»

ማርያማዊት ወደ መስኮቱ ሄደች። ከቤተ መጻሕፍቱ ግድግዳ ሥር፣ ከባሕር ዛፎቹ ጥላ ውስጥ፣ አለበል ከአንድ ሰው ጋር አንገት ለአንገት ገጥሞ ይነጋገራል። ሰውየው ዞር ሲል አየችው። ዘመኑ ነው። እሷ ውኃ ስትቀዳ እሱ ከጠረጴዛው ተነስቶ ወጥቷል ማለት ነው። አለበል እጁን ዘርግቶ አንድ ነገር ያስረዳዋል፤ ዘመኑ ራሱን ይነቀንቃል። ከዚያ ተለያዩ። በአንድ በር አልገቡም፤ አንዱ በፊት፣ አንዱ በኋላ።

«በቃ፣ እሱ ነው» አለች ለራሷ።

ለፋጢማ ስትነግራት ፋጢማ ከንፈሯን ነከሰች። «እኔስ ጥንትም ሰግቼ ነበር። ግን እኮ ማርዬ፣ ምን ይጠቀማል? እኛ ብናሸንፍ እሱም ያሸንፍ የለ?»

«የሚጠቀመውን እሱ ያውቃል። በጥር ወርስ ምን እንደተጠቀመ ማን ያውቃል?»

ፋጢማ ፊቷን ወደ ኮምፒውተሩ መለሰች። «ጥር» ሲባል የሰማ ሁሉ በዚያ ዘመን ዝም ነበር የሚለው።

ምሳ ላይ ማርያማዊት መምህር ክንፈሚካኤልን ፈልጋ አገኘቻቸው። መምህሩ የቡድኑ አሠልጣኝ ናቸው፤ ከውድድሩ አዘጋጆችም አንዱ ናቸው። ሸሚዛቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ተማሪን በስሙ ሳይሆን «ልጄ» እያሉ የሚጠሩ ሰው። ቅዳሜ ጠዋት ሕጉ ከተነበበ በኋላ ወደ ማርያማዊት ጠጋ ብለው አንድ ፍላሽ እጇ ላይ አስቀምጠውላት ነበር። «ይኼ ሥራ አይደለም፣ መነሻ ብቻ ነው። መልእክት መቀበያና መላኪያው ነው። ለሁሉም ቡድን ታድሏል» ብለዋት ነበር። አዘጋጅ ሲናገር የማያምን ማን ነው? አመስግና ተቀበለች፤ የራሳቸውን ሥራ በዚያ ላይ ነው የጀመሩት።

መምህሩ ምግብ ላይ ነበሩ።

«መምህር፣ አንድ ነገር ልንገርዎት?»

«ንገሪኝ ልጄ።»

«የቡሬዎቹ ሥራ ከእኛው ጋር አንድ ነው። ቁልፉ፣ ቀለሙ፣ የተሳሳተው ቃል ሳይቀር። ሰው ከእኛ ወስዶ የሰጣቸው ይመስለኛል።»

መምህር ክንፈሚካኤል ወደ አፋቸው ያደረሱትን ጉርሻ መልሰው ሳህኑ ላይ አስቀመጡት። «ለማን ነገርሽ?»

«ለእርስዎ ነው የመጣሁት።»

«ደግ አደረግሽ። አለበል ነው። እኔ ያን ልጅ ዱሮም አላምነውም። በይ ስሚኝ፤ ለዳኞች አንዲት ቃል እንዳትናገሪ። ውድድሩ ቢበጠበጥ የኮሌጃችን ስም ነው የሚነሳው። ዝም ብለሽ ኮምፒውተሩን ከእሱ አርቂው።»

ምክሩ ልቧን አሳረፈላት። አንድ ነገር ግን ወደ አዳራሹ ስትመለስ ደረጃው ላይ ቆም አደረጋት። እሷ የአለበልን ስም አላነሳችም። መምህሩም የተሳሳተው ቃል የትኛው እንደሆነ አልጠየቁም። «ብልህ ሰው ናቸው፣ ገምተው ነው» አለችና ሐሳቡን ገፋችው።

ከሰዓት በኋላ የኮምፒውተሩን የይለፍ ቃል ቀየረች። አለበል መጥቶ ሲቀመጥ የድሮውን ጻፈ፤ አልከፈተለትም። ደግሞ ጻፈ። ከዚያ እጁን ከኪቦርዱ አንስቶ ጭኑ ላይ አኖረ።

«ቀየርሽው?»

«ቀየርኩት።»

ለምን ብሎ ይጠይቃል ብላ ጠበቀች። አልጠየቀም። በጥር ወር ከተመለሰ ወዲህ ለምን ብሎ መጠየቅ የተወ ይመስል ነበር። ትንሽ ቆይቶ በዚያ በለሆሳስ ድምፁ እንዲህ አለ፤ «ማርያማዊት፣ ይኼ በርበሬያችን... የማን በሬ ያረሰው ነው?»

ፋጢማ ፈገግ አለች፤ ማርያማዊት ግን ፊቷ ጠቆረ። ሰርቆ ሰጥቶ ደግሞ ይቀኝብኛል አለች በልቧ። «ሥራ እንሥራ» ብላ ጀርባዋን ሰጠችው።

ደግሞ አንድ ወጥመድ አሰበች። ፋጢማ ሳትሰማ ወደ አለበል ጠጋ ብላ «ነገ ‹የአውድማ ዋጋ› የሚል ገጽ እንጨምራለን፤ ገበሬው አውድማው ላይ እንዳለ የሚሸጥበት። ለማንም እንዳትናገር» አለችው። እንዲህ ያለ ገጽ የመጨመር ሐሳብ አልነበራትም። ነገ ጠዋት ይህ ቃል በዘመኑ ስክሪን ላይ ከታየ ሌባው በገዛ እጁ ተያዘ ማለት ነው። አለበል «እሺ» አለ፤ ወንበሩን ስቦ ወረቀት ላይ መሥራት ጀመረ። ቁናና እንቅብ ወደ ኪሎ የሚቀየርበትን ስሌት ነበር የሚሠራው፤ ገበሬው በርበሬውን በቁና ነውና የሚለካው። ኮምፒውተር ተከልክሎም ሥራውን አልተወም። ይህም ለማርያማዊት ማስመሰል ሆኖ ታያት። ሰው አንዴ ሲጠረጠር ትጋቱም ተንኮል ይመስላል።

እሑድ ጠዋት ዝናብ ነበር። ማርያማዊት ከሌሎቹ ቀድማ ደረሰች። የቡሬዎቹ ጠረጴዛ ላይ ዘመኑ ብቻውን ተቀምጦ ይጽፋል። ጃንጥላዋን የምታራግፍ መስላ ከኋላው ቆመች። ገጾቹን ሲያገላብጥ አየች፤ ዋጋ መጠየቂያው አለ፣ ገበያ መምረጫው አለ። «የአውድማ ዋጋ» የሚል የለም። «ተመልስ» ግን እዚያው ናት።

«ምን ፈልገሽ ነው?»

ዘመኑ ዞሮ ነበር። ሰፊ ግንባር ያለው፣ ቶሎ የሚቆጣ የሚመስል ልጅ ነው።

«ምንም። ጃንጥላዬን...»

«ጃንጥላሽን! እናንተ እኮ አታፍሩም። የሰው ሥራ ወስዳችሁ ስታበቁ ደግሞ የቀረውን ልትለቅሙ መጣችሁ?»

«እኛ? እኛ ነን የወሰድነው?» ድምፅዋ አዳራሹን ሞላው። በሩ አጠገብ ከተቀመጡት ሁለት ሰዎች አንዱ ቀና ብሎ አያቸው። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«አምና ቡሬ ላይ በተደረገው ኤግዚቢሽን ይህን ነገር ያሳየሁት እኔ ነኝ» አለ ዘመኑ። «አሁን ሕጉ ስለሚከለክል ያን ትቼ አንድ በአንድ እንደገና እየጻፍኩት ነው፤ ከትናንት ጀምሮ እዚሁ ስጽፍ ዳኞች አይተውኛል። እናንተስ? ቅዳሜ ከረፋዱ በፊት ግማሹን ጨርሳችሁ አልነበረም? ከየት አመጣችሁት?»

ማርያማዊት ከየት እንዳመጡት ታውቃለች።

«አለበልን ጠይቂው» አለ ዘመኑ ፊቱን ወደ ኮምፒውተሩ እየመለሰ። «እሱ ትናንት መጥቶ ጠይቆኛል። ደግ ልጅ ነው፤ ቡሬ መሰናዶ አብረን ነው የተማርነው።»

አለበል ዝናቡ አበስብሶት ሲገባ በሩ ላይ ያዘችው። ወደ ቤተ መጻሕፍቱ በረንዳ ወሰደችው።

«ከዘመኑ ጋር ምን ተነጋገራችሁ?»

አለበል ፊቱን በእጁ ጠረገ። «ፍላሹን ስከፍተው ‹ተመልስ› የሚለውን አየሁ። ዘመኑ ከዘጠነኛ ክፍል... አይ፣ ከመሰናዶ ጀምሮ ይህን ቃል እንዲህ ነው የሚጽፈው። የአማርኛ መምህራችን በቀይ ያሰምሩበት ነበር፤ እሱ ግን አይለቅም። ሌላ ሰው እንዲህ ሲጽፍ አይቼ አላውቅም። እና ሄጄ ጠየቅሁት፤ ‹ሥራህን ለሰው ሰጥተህ ታውቃለህ?› አልኩት። ‹አምና ኤግዚቢሽኑ ላይ መምህር ክንፈሚካኤል ለባሕር ዳር አሳይልሃለሁ ብለው በፍላሽ ወስደዋል› አለኝ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ትናንት ነገርኩሽ እኮ። የማን በሬ ያረሰው ነው ብዬሽ።»

«እሱ መናገር ነው? እኔ ቅኔ ቤት አልተማርኩ!»

«በቀጥታ ብነግርሽ ታምኚኝ ነበር?»

ማርያማዊት ያደረገችውን አንድ በአንድ ቆጠረች። የይለፍ ቃሉን ቀይራበታለች፤ ወጥመድ አስቀምጣለታለች፤ ስሙን ባትጠራም በምሳ ሰዓት ሄዳ ከሳዋለች። ያመነችው ደግሞ ማንን ነው? የተተኮሰ ሸሚዝ የለበሱትን፣ «ልጄ» የሚሏትን።

«የመምህርን ስም ደግሞ እንዲሁ አላነሳም» አለ አለበል። «የሰው ስም እንዲሁ ሲነሳ ምን እንደሚያመጣ አውቃለሁ።»

እሷ ግን እንደዚያ መቆየት አልቻለችም። የደምበጫ ልጆችን ስለ ፍላሹ ጠይቃ ወደ መምህር ክንፈሚካኤል ቢሮ ሄደች።

«መምህር፣ ፍላሹ ውስጥ ያለውን የጻፈው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ። ምነው?»

«ለሁሉም ቡድን ታድሏል ብለውኝ ነበር። ለማንም አልተሰጠም፤ የዳሞት ቡድንንም የደምበጫ ቡድንንም ጠይቄያለሁ።» የጠየቀችው የደምበጫዎቹን ብቻ ነበር፤ ግን ፊታቸውን ልታይ ፈለገች።

መምህሩ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው ተነሱ፤ በሩን ዘጉት። ድምፃቸው አልተለወጠም። «ልጄ፣ አንቺ ጎበዝ ነሽ። ብታሸንፊ ባሕር ዳር ትሄጃለሽ፤ ከዚያም አዲስ አበባ። ይህን ዕድል እኔ ነኝ ያዘጋጀሁልሽ። አሁን ሰው በተሰበሰበበት ተነስቶ ነገር መናገር በዚህ ጊዜ እንዴት እንደሚታይ አትስቺውም። በሩ ላይ የተቀመጡትን አይተሻል። በጥርም እኮ ነገሩ የጀመረው ከአንድ ሰው አፍ ነው።»

«ከማን አፍ?»

ጥያቄው ሳታስበው ነበር ያመለጣት። መምህሩ ዝም ብለው አዩዋት። ከዚያ በሩን ከፈቱላትና «ሂጂ፣ ሥራሽን ጨርሺ» አሏት።

ወደ አዳራሹ የሚወስደውን ኮሪደር በፍጥነት ተሻገረች። ያን ዝምታ ምን ትበለው? የጥፋተኛ ዝምታ ነው? የተቆጣ ሰው ዝምታ ነው? ወይስ ትናንት አለበልን እንዳየችው ዛሬ ደግሞ መምህሩን እያየች ነው? ስለ ፍላሹ ታውቃለች። ስለ ጥር ግን የምታውቀው ነገር የለም። ሁለቱን እንዳትደባልቅ ለራሷ አስጠነቀቀች።

ከፋጢማና ከአለበል ጋር ለመመካከር የቀራት ጊዜ ጥቂት ነበር። ፋጢማ ሁሉን ሰምታ እጇን ራሷ ላይ ጫነች። «ኧረ በአላህ! እና ምን እናድርግ? ብንናገር እንባረራለን፤ ዝም ብንል ሌባ ነን።»

«ከፍላሹ የመጣውን እናጥፋው» አለች ማርያማዊት።

«ካጠፋነው ምን ይቀረናል?»

ሦስቱም ወደ አለበል ወረቀት አዩ። የሚቀራቸው ቁናን ወደ ኪሎ የሚቀይረው ስሌትና ፋጢማ የጻፈችው የገበያዎቹ ገጽ ብቻ ነው። ማርያማዊት አዲሱን የይለፍ ቃል ለአለበል ነገረችው። እሱም ተቀምጦ መጻፍ ጀመረ። መብራት ሁለቴ ጠፋ፤ ጀኔሬተሩ እየተንቀጠቀጠ ሲነሳ አዳራሹ ናፍጣ ናፍጣ ሸተተ። ጨርሰው ሲነሱ የሠሩት ነገር ከሌሎቹ ሲነጻጸር ጨቅላ ይመስል ነበር።

ተራቸው ደርሶ መድረክ ላይ ሲወጡ ማርያማዊት ማይክሮፎኑን ያዘች። መምህር ክንፈሚካኤል ሁለተኛው ረድፍ ላይ እግራቸውን አጣምረው ተቀምጠዋል።

«ሥራችንን ከማሳየታችን በፊት የምንናገረው አለን» አለች። «ቅዳሜ ጠዋት በፍላሽ የተሰጠን የተጻፈ ሥራ ነበር። ተቀብለን ተጠቅመንበታል። አሁን አጥፍተነዋል፤ ግን ተጠቅመንበት ነበር። ሥራው የቡሬው የዘመኑ ነው።»

መምህርት አደይ መነጽራቸውን አወለቁ። «የሰጣችሁ ማን ነው?»

ማርያማዊት በሩ አጠገብ ወዳሉት ሰዎች ላለማየት ታገለች። «መምህር ክንፈሚካኤል ናቸው።»

መምህሩ ተነሱ። አልጮሁም፤ እንዲያውም ያዘኑ ይመስሉ ነበር። «የተከበራችሁ ዳኞች፣ ይህች ተማሪ ትናንት በምሳ ሰዓት እኔ ዘንድ መጥታ ሥራችንን አለበል ሰርቆ ሰጠብን ብላ ከሳዋለች። የይለፍ ቃል ቀይራበታለች። ዛሬ ደግሞ እኔ ሆንኩ። ነገ ማን ይሆናል? ፍላሹን ለመማሪያ እኔው የጻፍኩት ነው።»

ሳቅ የመሰለ ነገር በአዳራሹ አለፈ። የከፋው ነገር መምህሩ አብዛኛውን እውነት መናገራቸው ነው።

«እውነታቸውን ነው» አለች ማርያማዊት። «አለበልን ጠርጥሬው ነበር። ምንም ሳላይ፣ ሰው ስለሚጠረጥረው ብቻ። በደልኩት። ይህኛው ግን የጥርጣሬ ነገር አይደለም።»

መምህርት አደይ ጥቂት አሰቡ። ከዚያ «ዘመኑ የሚባለው ማን ነው? እስቲ ወደዚህ ና» አሉ። ዘመኑ እየተንገዳገደ ወጣ። «ገበሬው በስልኩ የሚያያቸውን ቃላት በተራ ሰሌዳው ላይ ጻፍልን።»

ዘመኑ ጠመኔ ይዞ ጻፈ። ዋጋ ጠይቅ። ገበያ ምረጥ። መልእክት ላክ። ተመልስ።

ዳኛዋ ከማርያማዊት እጅ ፍላሹን ተቀብለው በራሳቸው ኮምፒውተር ከፈቱት፤ በፕሮጀክተሩ ግድግዳው ላይ አሳዩት። አረንጓዴዋ ቁልፍ ስትወጣ አዳራሹ አጉረመረመ። ዘመኑ ብቻ ሰው የሚያጉረመርምበት ምክንያት ሳይገባው ሰሌዳውንና ግድግዳውን እያፈራረቀ አየ።

«መምህር፣ እርስዎም ይጻፉልን» አሉ መምህርት አደይ ጠመኔውን ዘርግተው።

መምህር ክንፈሚካኤል ጠመኔውን አልተቀበሉም። «ይህ የልጆች ጨዋታ ነው» ብለው ጃኬታቸውን አነሱና ወጡ። በሩ አጠገብ ካሉት ሰዎች አንዱ ተነስቶ ተከተላቸው። ሊይዛቸው ይሁን ሊሸኛቸው ማንም አላወቀም።

ውጤቱ ማምሻውን ተነገረ። የማርያማዊት ቡድን ሕጉ እንደሚለው ከደረጃ ውጭ ሆነ። መምህርት አደይ ይህን ሲናገሩ «ስለተናገራችሁ እናከብራችኋለን፤ የተጠቀማችሁበት ግን ተጠቅማችሁበታል» አሉ። ፍርዱ ለማርያማዊት ከበዳት፤ የምትከራከርበት ነገር ግን አልነበራትም። ዘመኑም ሙሉ አልወጣም። ከዳኞቹ አንዱ «አምና የሠራውን ይዞ ላለመምጣቱ ምን ማረጋገጫ አለን?» ብለው አጥብቀው ስለያዙ፣ ፊታቸው ቁጭ ብሎ አንዱን ክፍል እንደገና እንዲጽፍ አደረጉት። ጻፈው፤ ቢሆንም ሦስተኛ አደረጉት። አንደኛ የወጡት የላም ክትባት ቀን የሚያስታውስ ፕሮግራም የሠሩት፣ ማንም ልብ ያላላቸው የደምበጫ ልጆች ነበሩ። መምህር ክንፈሚካኤል ሰኔ ላይ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወሩ። አንዳንዱ ተቀጥተው ነው አለ፤ አንዳንዱ አድገው ነው አለ።

እሑድ ማምሻ ማርያማዊትና አለበል በዋናው መንገድ ዳር ወደ መናኸሪያው በኩል አብረው ሄዱ። ዝናቡ አባርቶ ነበር። ፋጢማ ወደ ቤቷ ታጥፋ ሁለቱ ብቻ ቀሩ።

«ይቅር በለኝ» አለች። «መድረክ ላይ ያልኩት አይበቃም።»

«ተይው፣ አንቺ ብቻ አይደለሽም።»

ትንሽ ተራመዱ። «በጥር ስለሆነው ልጠይቅህ?»

አለበል ቆመ። «አራት ወር ሙሉ ከክፍላችን አንድ ሰው እስኪጠይቀኝ ስጠብቅ ነበር» አለ። «ለምን እንደለቀቁኝ አላውቅም። ይኸው ነው። ብዙ ነገር ጠየቁኝ፤ የማውቀው ስለሌለ የማላውቀውን አላወራሁም። ማታ ላይ ሂድ አሉኝ። አባቴም ሲጠይቁኝ ይህንኑ ነው ያልኳቸው። ግን ማርያማዊት፣ አንዳንዴ እተኛና እያንዳንዱን ቃሌን አስታውሳለሁ። ከእነዚያ ልጆች ጋር አንድ ቤት ምሳ እንበላ ነበር ብያለሁ። እሱስ ጎድቷቸው ይሆን? ሰው ይጠረጥረኛል፤ እኔም ራሴን እጠረጥራለሁ።»

ማርያማዊት «አልጎዳቸውም» ልትል ፈለገች፤ ግን አታውቅም። ስለዚህ አላለችም። እጁን ይዛ ቆየች፤ ከዚያ ተለያዩ።

ሰኞ ጠዋት ክፍል ስትገባ ወሬው ተቋረጠ። መጀመሪያ ለአለበል መሰላት፤ ዞር ብላ ስታይ አለበል ገና አልመጣም። ሰው ሁሉ እሷን ነው የሚያየው። «ማን አስናገራት?» የሚል ሹክሹክታ ከኋላ ሰማች፤ «ዝም ብላ ነው መምህር የምትከስ? ከኋላዋ ሰው አለ» አለ ሌላው። ፋጢማ ከፊት ወንበር ሆና ልትመልስ አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው።

ማርያማዊት ደብተሯን አንስታ ወደ መጨረሻው ረድፍ ሄደች። እዚያ ከጥር ጀምሮ ግራና ቀኙ ባዶ የሆነ አንድ ወንበር አለ። ከግራው ተቀመጠች። አለበል ዘግይቶ ሲገባ አያት። ቦርሳውን በመካከላቸው አስቀምጦ መጽሐፉን ገለጠ፤ የሰዓቱ መምህርም ገብተው ትምህርቱ ተጀመረ።